ካርዱ ላይ ቀበሌው ተጽፏል

«ይኼ የአሜሪካኖች ጣጣ ነው» አለኝ ወዳጄ፣ ቶናው ሲቀዳ። ደሴ ውስጥ በአጥንት ሕክምና ክፍል የሚሠራ ሰው ነው፤ ሲደክመው ቡና ላይ መከራከር ይወዳል። ያነሣሁለት ጉዳይ እግራቸው ክፉኛ የተጎዳ ሰዎች ከጥገና ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚገጥማቸው ዕጣ በዘር ይለያያል የሚለው ነበር። «እኛ ዘንድ ጥቁርና ነጭ የት አለ? ሁላችንም አንድ መልክ፣ ሁላችንም ድሃ» ብሎ ወሬውን ዘጋው። ለእኔ ግን አልተዘጋልኝም። (ዘር ስል አንባቢ ወደ ሌላው ጭቅጭቃችን እንዳይሄድብኝ፤ የማወራው ስለ ቆዳ ቀለም ነው።)

በአሜሪካ ስምንት የአደጋ ሕክምና ማዕከላት 569 ሕሙማንን ለሁለት ዓመት ተከታትለው፣ ውጤቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ታትሟል። ጉዳታቸው ሐኪሙን «ልቁረጠው ወይስ ልጠግነው?» እያሰኘ የሚያስጨንቅ ዓይነት ነበር። የትኛው ይሻላል ለሚለው የተገኘው መልስ ብዙ ሰው የሚጠብቀው አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ እግሩ በተቆረጠውና በተጠገነለት መካከል በዕለት ኑሮ አቅም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም፤ ወደ ሥራ የተመለሱትም ከሁለቱም ወገን ግማሽ ያህሉ ናቸው። ልዩነቱ የታየው በሌላ በኩል ነው። ነጭ ያልሆነው፣ ድሃው፣ ትምህርቱ ዝቅ ያለው፣ የግል የጤና መድን የሌለው፣ አይዞህ ባይ ዘመድ ያጣው የባሰ ኑሮ ውስጥ ተገኘ። ከሰባት ዓመት በኋላ ሲታዩም ቀለምና ድህነት ከዝርዝሩ አልወጡም።

የጥቁርም የነጭም ቅልጥም ሲሰበር የሚገጥመው በአንድ መንገድ ነው። እንግዲህ ልዩነቱ ያለው አጥንቱ ውስጥ አይደለም፤ ሰውየው ከአጥንቱ ጋር ተሸክሞት በሚመጣው ነገር ውስጥ ነው። ድህነትና ቀለም ደግሞ ለየብቻ ነው የተጻፉት። አንዱ ሌላውን አልዋጠውም ማለት ነው። ገንዘቡ እኩል ቢሆን እንኳ ሰው የሚሰማበት ጆሮ እኩል አይደለም፤ ይህን ለማወቅ አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። ሻሽ ያሰረች የገጠር ሴት የካርድ ክፍል መስኮት ላይ ቆማ ስትጠይቅ የሚሰጣትን መልስ የሰማ ያውቀዋል።

የአክስቴ ልጅ የሚኖረው ደላንታ ወረዳ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በዚያ አገር ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ መቆፈር ሥራ ሆኗል፤ ገደሉን በዶማና በመዶሻ እየፈለፈሉ ይገባሉ፣ አንዳንዴም ገደሉ ይመለስባቸዋል። በእሱም ላይ ተመለሰበት። ቅልጥሙ ሥጋውን ቀዶ ወጥቶ ነበር። የቅሬው (የዕድሩ) ሰዎች በቃሬዛ አንስተው ከገደሉ ሲያወጡት መሸ። ወጌሻው ማታውኑ መጣ፤ ሽንበቆ ሰንጥቆ፣ ነጠላ ቀዶ ጠፍሮ አሰረው። ሲነጋ ጣቶቹ አብጠውና በርደው ስለተገኙ ማሰሪያው እንዲላላ ተደረገ። ወጌሻውን የሚረግሙ አሉ፤ እውነት ነው፣ ክፍት ቁስል ላይ የጠበቀ ማሰሪያ እግር ይገድላል። ነገር ግን በዚያ ሌሊት በሩን ያንኳኳው እሱ ብቻ ነበር። መኪና ተፈልጎ፣ የበሽሎን ወንዝ ተሻግሮ፣ ደሴ ሲገባ አራተኛው ቀን ሆኗል።

አራተኛ ቀን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለሚጠይቅ፣ በያኔዋ ዩጎዝላቪያ የሉብሊያናው ሐኪም የማርኮ ጎዲና፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 የታተመ ሥራ አለ። 532 ሕሙማን ላይ፣ ከሌላ የሰውነት ክፍል ሥጋ ከነደም ሥሩ አንስቶ የተራቆተውን አጥንት ሸፍኗል። በ72 ሰዓት ውስጥ ከተሸፈኑት ቁስሉ ያመረቀዘው 1.5 በመቶው ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሦስት ወር ከቆዩት ግን 17.5 በመቶው። የአክስቴ ልጅ 72 ሰዓት ያለቀው መንገድ ላይ ነው።

የሆነው ሆኖ ዕድለኛ ነበር። ቁስሉ ታጥቦ ከውጭ በብረት ታሰረለት፤ አዲስ አበባ ተልኮ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ከባቱ ጡንቻ አዙረው አጥንቱን ሸፈኑለት። ያየው ሁሉ ያደነቀው ሥራ ነው። እግሩ ተረፈ ተባለ፤ አክስቴም ዱዓ አስደረገች።

እዚህ ላይ ነው ከወዳጄ ጋር የማልስማማው። ሐኪም «ተረፈ» ሲል ያለቀ ይመስለዋል። በአሜሪካው ጥናት እግራቸው ከተጠገነላቸው 47.6 በመቶው በከባድ ችግር ዳግም ሆስፒታል ገብተዋል፤ ከተቆረጡት 33.9 በመቶው። እግር ማትረፍ ተመላልሶ የመምጣት ውል ነው። ለደሴ ልጅ ውሉ የባጃጅ ሒሳብ ነው። ለደላንታው ሰው ግን መቶ ኪሎ ሜትር የሚያህል መንገድ፣ የአስታማሚ ማደሪያ፣ ያልታረሰ ማሳ ነው። እግሩ ቢቆረጥ ኖሮ ደሴ ያለው የአካል ተሐድሶ ማዕከል ሰው ሠራሽ እግር ይሠራለት ነበር እስከማለት የደረስኩበት ቀን አለ፤ ብዬው ደነገጥኩ።

በየሁለት ሳምንቱ ና ተባለ። ለመጀመሪያው ቀጠሮ ቅሬው አዋጣ፣ ለሁለተኛውም አዋጣ። ለሦስተኛው መጠየቅ አፈረ። ብረቱ የገባበትን ቀዳዳ ሚስቱ በፈላ ውኃና በጨው ታጥብለታለች። የጤና መድን የለውም ወይ የሚል ይኖራል። አለው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የእኛው ተሁለደሬ ነበር፤ ወሎ ለነገሩ እንግዳ አይደለም። መድኑ ካርዱንና መድኃኒቱን ይከፍላል፤ አውቶቡሱን አይከፍልም። በክረምት ደግሞ ሾፌሩም ቢከፈለው የማይሄድበት ቀን አለ።

እንግዲህ የእኛ «ቀለም» ቀበሌው ነው። ልዩነቱ፣ አሜሪካኖቹ ቀለሙን በየመዝገቡ አምድ ሰጥተው ስለጻፉት ሊቆጥሩት ቻሉ፤ ቆጥረውም አፈሩበት። የእኛ ካርድ ላይ ወረዳውም ቀበሌውም ተጽፏል፤ በቀበሌ ደርድሮ ማን ቆሞ ሄደ፣ ማን ቀረ ብሎ የጠየቀ ግን አልገጠመኝም። መቁጠር ያቅተናል እንዳይባል፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ገብቶ ሆስፒታል ሲዘረፍ፣ የጠፋው ማሽንና አልጋ ተቆጥሮ በብር ተተምኗል።

የምጠይቀው አዲስ ሕንፃ አይደለም። በአጥንት ክፍሉ አንድ መዝገብ ይኑር። ከየት ቀበሌ መጣ፣ ስንት ሰዓት ተጎዳ፣ ስንት ሰዓት ደረሰ፣ የትኛው ቀጠሮ ላይ ቀረ፣ በዓመቱ በእግሩ ይሄዳል ወይ የሚሉት ብቻ ይጻፉበት። የቀረ ሰው ይደወልለት። ማየት ብቻ የሚበቃው ቀጠሮ ወደ ደላንታዋ ከተማ ወደ ወገል ጤና ይዛወርለት፤ ብረት የገባበትን ቀዳዳ ለማየት በሽሎን መሻገር ግድ አይደለም።

ወዳጄ በረካው ሲቀዳ «ነርስ የለንም እኮ» አለ። ሐሰት አልተናገረም። ሰኞ ዕለት ግን ራሱ ደወለልኝ፤ የቀጠሮ መዝገቡን አይቶት ነው። ከአክስቴ ልጅ ስም ትይዩ «ጠፍቷል» ይላል፤ ከጎኑ ስልክ ቁጥሩ አለ። እኔም የምደውልበት ያው ቁጥር ነው። እሑድ ዕለት አግኝቼው ነበር፤ ሲበርድ ብረቱ እንደሚያመው፣ የዘንድሮን የገብስ አጨዳም ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እንዳሳለፈው አጫውቶኛል።