የቆመ ሁሉ ኮንትራባስ አይደለም!

ኧረ ጎበዝ፣ ይሄ ነገር ይብቃ! ደሴ ላይ ለቤት ልምምድ ኤሌክትሪክ ኮንትራባስ፣ ያ አቁመው የሚጫወቱት ትልቁ ባለ ክር ቤዝ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ዓይነት፣ መፈለግ መከራ ሆነ። ሻጩ በቴሌግራም ፎቶ ይልክና «ሳይለንት ነው (ድምፁ ውጭ አይሰማም)፣ ሄድፎን ይሰካል» ይላል፣ አለቀ። የክሩ ርዝመት ሲጠየቅ «ስታንዳርድ ነው ወንድሜ»። የምን ስታንዳርድ?

ሜትር ያዙ። ክሩ አንገቱ ጫፍ ላይ ካረፈበት እስከ ብሪጁ፣ ክራር ላይ ብርኩማ የምንለው፣ ከ104 እስከ 106 ሴንቲ መሆን አለበት። 86 ከሆነ ቤዝ ጊታር አቁመው ነው የሚሸጡላችሁ። ልዩነቱን በራሳችን ቅኝት እዩት፦ አምባሰልን ከባዶው ክር ስትነሱ ሁለተኛዋ ኖታ ግማሽ ቶን ላይ ናት። በ105 ሴንቲ ክር 5.9 ሴንቲ ትርቃለች፣ በ86ቱ ግን 4.8። እንደ ጊታር አንገቱ ላይ የኖታውን ቦታ የሚለይ ብረት፣ ፍሬት፣ የለ! ጣት ቤት የለመደውን ነው መድረክ ላይ የሚደግመው፤ ከዚያ «ጆሮ የለውም» ተብሎ ልጁ ይታማል።

ሄድፎን ይሰካል የተባለውስ? ያቺ ባለ 6.3 ሚሊ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) መውጫ ናት። ሄድፎን ብትሰኩባት የትንኝ ድምፅ ትሰማላችሁ። የሄድፎን መውጫ ለብቻው ከነድምፅ መቆጣጠሪያው አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ብሉቱዝ አይታሰብም፤ ክሩን ከመታችሁ በኋላ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

«ሚክሰር ላይ ስሰካው ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል» የሚለው ቅሬታ ደግሞ አያልቅም። ብሪጁ ስር ያለው ፒዬዞ ፒክአፕ፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው፣ ቢያንስ 1 ሜጋኦም (አንድ ሚሊዮን ኦም) ተቃውሞ ያለው መግቢያ ይፈልጋል፤ የሚክሰሩ ላይን መግቢያ ግን በአስር ሺዎች ኦም ብቻ ስለሆነ ወፍራሙን ድምፅ ይበላዋል። መፍትሔው መሃል ላይ ፕሪአምፕ፣ ድምፁን ለሚክሰሩ የሚያዘጋጅ ትንሽ ማጉያ፣ ማስገባት ነው። ሰው ግን ክር ይቀይራል!

አምፕ መሬት ላይ አስቀምጦ መለማመድም ለጎረቤት አይሆንም። የወፍራሙ ክር ድምፅ፣ የታችኛው ሚ፣ 41 ኸርዝ ነው፤ ግድግዳ አይመልሰውም፣ የቡፌውን ብርጭቆ ሁሉ ያንቀጠቅጣል።

በደጋን የምትጫወቱ ብሪጁ ጎበጥ ያለ መሆኑን እዩ። ጠፍጣፋ ከሆነ ደጋኑ ሁለት ክር አንድ ላይ ይነካል።

ከኮምቦልቻ ገዝታችሁ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ የምታወጡትም፣ እንዳይበጠስ ብላችሁ ክሮቹን በአንዴ አታላሉ። በብዙዎቹ ብሪጁን ያቆመው የክሩ ጫና ብቻ ነው። ወድቆ የፒዬዞው ሽቦ ከተበጠሰ፣ ሻጩ ያኔ ስልክ አያነሳም።