የሪንጉ ባልደረባና የቅዳሜ ገበያው

ጎንደር ውስጥ ባደግሁበት ሰፈር ሬስሊንግ የምናየው ቪዲዮ ቤት ነበር። ሽልንግ ከፍለን፣ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን። ከሁሉም የምንወደው ታግ ቲም ነው። ለማያውቀው፣ ሁለት ለሁለት ይጋጠማሉ። አንዱ ሪንግ ውስጥ ሲታገል ሌላው ከገመዱ ውጭ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። የደከመው እየተጎተተ ደርሶ የጓደኛውን እጅ ሲነካ ያልደከመው ይገባል። ያን ጊዜ ቤቱ በጩኸት ይደባለቃል። ከዚያ ስንወጣ እኛም ጥንድ ጥንድ ሆነን እንታገላለን። ሃውክና አኒማል የሚባሉትን ዝነኛ ጥንዶች ለመሆን የምንጣላው ጠብ ከትግሉ ይብስ ነበር።

አሁን አትላንታ አካባቢ ነው የምኖረው። ለጥምቀት ጎንደር ስገባ አብሮ አደጎቼ "እነዚያ ሰዎች የት ደረሱ?" ይሉኛል። አሜሪካ የሚኖር ሰው ሁሉ ጎረቤታቸው ይመስላቸዋል። የማውቀውን ስነግራቸው ጨዋታው ይቀዘቅዛል።

ከሁሉም ያዘኑት በብሪቲሽ ቡልዶግስ ነው። ዳይናማይት ኪድና ዴቪ ቦይ ስሚዝ፣ ሁለቱም እንግሊዛውያን፣ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። በ1986 (ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው) የሬስሊንግ ድርጅቱ WWF ትልቁ ዝግጅት በሆነው ሬስልማኒያ 2 ላይ የጥንዶቹን የሻምፒዮንነት ቀበቶ ወሰዱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዳይናማይት ጀርባውን ክፉኛ ተጎዳ። ቀበቶው ግን ለሌሎች መተላለፍ ነበረበት። በ1987 መጀመሪያ ላይ ዴቪ ቦይ እየደገፈ ወደ ሪንጉ አመጣው። ዳይናማይት ግጥሚያው ገና ከመጀመሩ ተመትቶ ወደቀ፤ እስኪያልቅም አልተነሣም። ዴቪ ቦይ ብቻውን ታግሎ ተሸነፈ። "ሬስሊንግ እኮ ትወና ነው" የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ማን እንደሚያሸንፍ ቀድሞ ይታወቃል። አከርካሪው ግን የእውነት ነው።

ሁለቱ በ1988 ከድርጅቱ አብረው ወጡ። ውሎ አድሮ ተቃቃሩ። ዴቪ ቦይ በ1990 ብቻውን ተመለሰ። የቡልዶግን ስም አስቀድሞ በራሱ አስመዝግቦት ኖሯል። ዳይናማይት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ቀረ። ዴቪ ቦይ በ2002 ሞተ፣ ገና 39 ዓመቱ ነበር። ዳይናማይትም በ2018፣ 60 ዓመት በሞላበት ዕለት አረፈ።

"ደግፎት የገባ ሰው እንዴት ስሙን ይወስድበታል?" አለ አንደኛው ጓደኛዬ፣ የራሱ ዘመድ የከዳው ያህል ተቆጥቶ።

እኔ አልገረመኝም። በዚያ ሙያ ታጋዩ የድርጅቱ ሠራተኛ አይባልም፤ ኢንዲፔንደንት ኮንትራክተር፣ ማለትም በራሱ ስም ተዋውሎ የሚሠራ ነው። ሪንግ ላይ ቢሰበር ድርጅቱ ያሳክመዋል። የጤና መድኑን ግን ራሱ ይገዛል። ነገ ካልተፈለገ ስሙ ብቻ ነው የሚቀረው፣ እሱም ካስመዘገበው። እኔም የአፕ ታክሲ ስለምነዳ ነገሩ ይገባኛል። በየዓመቱ ጥር ላይ የሚመጣልኝ የግብር ወረቀት 1099 ነው፣ የኮንትራክተር። ወገቤን ያመመኝ ቀን ገቢዬም አብሮኝ ይተኛል።

ሁሉም ወደቀ ማለቴ አይደለም። የታዋቂው ታጋይ የአንደርቴከር "ወንድም" ሆኖ በጭምብል ይታገል የነበረው ኬን በ2018 ቴኔሲ ውስጥ የኖክስ ካውንቲ ከንቲባ ሆኖ ተመርጧል። ይህን ስነግራቸው ሳቁ እስከ ፒያሳ ተሰማ። እዚህም ይላክልን ያለ አለ።

ወደ ጎንደር ልምጣ። ቅዳሜ ገበያ ከወጣትነታቸው ጀምሮ አብረው የሠሩ ሁለት ጫኝና አውራጆች አሉ። አንደኛው ጀርባው አልቋል። ኩንታል ማንሣት ቀርቶ ጎንበስ ማለት አይችልም። ግን ጠዋት ጠዋት ይመጣል። ጆንያ ላይ ተቀምጦ የወረደውን ይቆጥራል፣ ዕቃ ይጠብቃል። ማታ ሒሳቡ ለሁለት ይከፈላል። ተሸካሚውን "ጋሼ፣ እስከ መቼ ይሰጧቸዋል?" አልኳቸው።

"ማን ሰጠው? የራሱን ነው የሚወስድ" አሉኝና ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ይህን አይቶ "አገሬ!" ብሎ እንባ ማፍሰስ ይቻላል። እኛ ከውጭ የምንመጣ ሰዎች ይህ ይቀናናል። ግን እኒህም ሰውዬ ሃምሳን አልፈዋል፣ ትከሻቸው ተጣሟል። እሳቸው የወደቁ ቀን ሁለት ቤት ነው የሚወድቀው። ዕድሩስ? ያ ጀርባው ያለቀው ሰው ነገ ቢሞት ድንኳኑ በሰዓቱ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። ዛሬ ለሕክምና የሚሆነው ገንዘብ ግን ከዚያ ሣጥን አይወጣም፤ ደንቡ ለሞት ነው የሚለው።

በዚህስ አሜሪካም ያው ናት። ሃውክ በ2003 ሞተ። እሱና አኒማል ታላላቅ ታጋዮች የሚከበሩበት የዝና አዳራሽ የገቡት በ2011 ነው። አኒማል ያለ ሃውክ መድረኩ ላይ ቆመ። በ2020 እሱም ሄደ።

አንድ ለየት ያለ ሰው ግን አለ። ዳይመንድ ዳላስ ፔጅ ይባላል፣ የቀድሞ ታጋይ ነው። ጄክ ሮበርትስና ስኮት ሆል በመጠጥና በዕፅ አልቀው ሳለ አትላንታ አጠገብ ካለው ቤቱ አስገብቶ አኖራቸው። ምግባቸውን ተቆጣጠረ፣ ስፖርት አሠራቸው፣ ሲያገረሽባቸውም አላባረራቸውም። ሁለቱም በ2014 በእግራቸው ቆመው የዝና አዳራሹ ውስጥ ገቡ። ሆል በ2022 ቢሞትም ያንን ቀን አይቷል። በነገሩም ፊልም ተሠራበት።

"ምን ስላደረገ ነው ፊልሙ?" አለኝ ያው ጓደኛዬ።

"የታመሙ ጓደኞቹን ቤቱ አስገባ።"

"እኔ ቤት አሁን አራት አሉ" አለ። "ካሜራ ይዘህ ና።"

አትላንታ ስመለስ የዕድራችን ስብሰባ ነበር። የእኛ ዕድር አስከሬን አገር ቤት በመላክ የታወቀ ነው፤ በዚህ አንታማም። እጄን አውጥቼ፣ ወገቡን ታሞ ሥራ ለፈታ አባልስ ለምን አንከፍልም አልኩ። ገንዘብ ያዡ "ለታመመማ ከከፈልን ሣጥኑ በዓመቱ ባዶ ነው" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ አብዛኞቻችን ሾፌሮች ነን፣ ወገቡን የማያመው የለም። ወርኃዊ መዋጮውን በ5 ዶላር እናሳድገው አልኩ። ጉርምርምታ ሆነ። ከኋላ አንድ ሰው "ሞት አንድ ጊዜ ነው፣ ወገብ ግን..." ብሎ አሳቀን። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።