አዋጅ ይውጣልን አቦ!

እንደ ድሬ ሰው ሕግ የሚወድ ካለ አሳዩኝ። ያከብራል አላልኩም፤ ይወዳል ነው ያልኩት። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ፍራሽ ላይ ሲያጋድመው፣ መጋላ አንዱ ቤት ገብታችሁ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። የባጃጅ ዋጋ ጨመረ? «አዋጅ ይውጣለት!» የሠርግ ወጪ በዛ? «አዋጅ!» ጎረቤት ቴፕ ከፍ አድርጎ ከፈተ? እሱማ ጠንከር ያለ አዋጅ ነው የሚያስፈልገው፣ ቅጣቱ ከፍ ያለ።

ባለፈው በርጫ ላይ አንድ ወዳጄ ምርቃናው ጫፍ ሲደርስ ለሙቀቱም ሕግ ይውጣለት አለ። ሳቅን። እሱ አልሳቀም። «ፓርላማ የማይችለው ነገር ምን አለ?» አለ ኮስተር ብሎ።

እንዲህ ያለ እምነት አንጀት ይበላል። ወዳጄ ሳያውቀው የእንግሊዞችን ትምህርት ነው የሚያስተምረን። እዚያ በአንድ ሰነድ ተጠቃልሎ የተጻፈ ሕገ መንግሥት የለም። ፓርላማው የፈለገውን ያወጣል፣ የፈለገውን ይሽራል፣ ፍርድ ቤት ደግሞ ያወጣውን አዋጅ መሻር አይችልም። አይቮር ጄኒንግስ የሚባል የሕግ ሊቅ ነገሩን እስከ ጥግ ወስዶታል፤ የእንግሊዝ ፓርላማ በፓሪስ ጎዳና ላይ ማጨስ ወንጀል ነው ብሎ ቢደነግግ፣ ለእንግሊዝ ፍርድ ቤት ወንጀል ነው። ፓሪሶቹ ግን ክብሪት መጫራቸውን አይተዉም።

ፓሪስ ድረስ ምን አስኬደን? የ2011ዱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። ወዳጄ አዋጁን ይደግፋል፣ አጥብቆ ነው የሚደግፈው፤ ሲደግፍ የሲጋራው ጭስ ዓይኔ ውስጥ እየገባ አስቸገረኝ እንጂ።

የኛ ምክር ቤት እንደ እንግሊዙ አይደለም ብዬ ልከራከር ሞከርኩ። እስከ 550 ወንበር ሊኖረው ይችላል፣ ሉዓላዊነቱ ግን የሱ አይደለም፤ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 8 የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ነው ይላል። አንቀጽ 9 ደግሞ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ሕግ አይሠራም ይላል። ይጋጫል አይጋጭም የሚለውን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ 11 አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ እያጣራ ያቀርብለታል፣ ፍርድ ቤት እንኳ እዚህ የመጨረሻ ቃል የለውም። ይህን ሁሉ ስዘረዝር ጀማው በጨዋነት አዳመጠኝ። ስጨርስ ወዳጄ ውሃውን ጎንጨት አለና፦

«ታዲያ አንቀጽ 9ን የሚያነሳ አዋጅ ይውጣ!»

ተጨበጨበ። በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ከሐረር የመጣ እንግዳ ጥግ ይዞ ዝም ብሎ ይቅም ነበር። «እናንተማ ዝም በሉ» አለን። «ሐረሪ አንቀጽ 47 ላይ በስሙ ተጽፏል። ድሬን ፈልጋችሁ አሳዩኝ።» ስልክ ወጣ፣ ተፈለገ፣ የለችም። ድሬ የቆመችው ፓርላማው በ1996 ባወጣው ቻርተር ነው፣ አዋጅ ቁጥር 416። ሐረሪን ከዚያ ዝርዝር ለማውጣት የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከዚያም የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛው መስማማት አለባቸው። የኛን ቻርተር ለማጠፍ ግን በጠዋት ተሰብስቦ እጅ ማውጣት ይበቃል። በፓርላማው ያለን ወንበር ደግሞ 2 ነው። የሐረርም 2 ነው፣ እነሱ ግን ተኝተው ያድራሉ። «ፓርላማ ሁሉን ይችላል» ብሎ ሲያጨበጭብ የዋለው የድሬ ልጅ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። ለትንሽ ጊዜ ብቻ። «ቻርተራችን እንዳይነካ የሚከለክል አዋጅ ይውጣ» አለና ነገሩን ዘጋው።

ሲመሽ ተነሣን። ወዳጄ ገራባውን ጫቱ በመጣበት ጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ያዘ። ፌስታል ላይማ አዋጅ አላነሰንም። የ1999ኙ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠው እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሏል። (ከፊራ ገበያ ላይ ሚሊ ሜትር እየለካች ማንጎ የምትሸጥ እናት ካያችሁ ጥሩኝ።) በ2017 ደግሞ ጭራሽ ፌስታል ይቅር ተባለ። ይህንንም ወዳጄ ደግፏል።

ደቻቱ ወንዝ ጋ ደረስን። በ1998 ክረምት ሌሊት ሞልቶ መጥቶ ድሬን ያስለቀሰው ደቻቱ፣ አሁን ደረቅ አሸዋ ነው። ወዳጄ ቆመና ፌስታሉን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው።

«ይሄ ከአዋጁ በፊት የተሠራ ነው» አለ። «ሕግ ደግሞ ወደ ኋላ አይሠራም። አንቀጽ 22።»

ወረወረው።