ስልኩ ኪስ ውስጥ፣ ሰውየው «አይገኝም»

ኧረ ወገን! ስልኩ በርቷል፣ እጅ ላይ ነው፣ ሦስት መስመር ኔትወርክ ያሳያል። ለደዋዩ ግን «ለጊዜው ማግኘት አይቻልም»! ማታ ላይ አምስት ሚስድ ኮል በመልእክት ይዘንባል። ለቅሶ ደራሽ አደረገን እኮ!

ከዚያ ምክር ይጀመራል። አጥፍታችሁ አብሩ። አበራን። ኤርፕሌን ሞድ 10 ሰከንድ። አደረግን። ሲሙን አውጥታችሁ በላጲስ ጥረጉ። ጠረግን። ጥሪ ወደ ሌላ ቁጥር ዞሮ ከሆነ ##002#። ደወልን። አብሽር፣ ይሠራል! የት? ደሴ አናት ላይ ያለው ጦሳ ተራራ ጫፍ ላይ?

አንዷ ምክር እውነት ናት። «4ጂ ብቻ» ላይ የተቆለፈ ስልክ ቮልቲ (በ4ጂ ላይ ጥሪ የሚያስኬደው) ከሌለው፣ ኢንተርኔቱ እየበረረም ጥሪ አይገባለትም። ድምፅ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ መውረድ አለበታ! አውቶማቲክ ላይ መልሱት።

የቀረውን ማን ያስተካክል? ደሴ ተራራ ሥር የተሸጎጠች ከተማ ናት፤ ቤቱ ደግሞ ቆርቆሮ በቆርቆሮ። ብረት ሲግናል ይመልሳል። ሴቲንግ ውስጥ የሲግናሉን ጥንካሬ ቁጥር (dBm) እዩት፦ በረንዳ ላይ -90 የነበረው ጓዳ ሲገቡ -115። (ወደ ዜሮ የቀረበው ነው ደህናው።) ታዲያ ወጥ እያማሰሉ በረንዳ ላይ ይታደር? ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድማ አይነሳ፤ «ሃሎ፣ ሃሎ» እያሉ ኮምቦልቻ መድረስ ነው። መብራት ጠፍቶ የኔትወርክ ማማው ባትሪ ሲያልቅስ? እሱንም በላጲስ እንጥረገው?