እርማት፦ ክኒኑ ልጁን አያገዝፍም

እህቴ፣ «ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የአይረን ክኒን ፅንሱን አግዝፎ ምጥ ያከብዳል፣ ጣይው» ብለሽ የጻፍሽው ልክ አይደለም። ባሕር ዳርም ዘጌም የሚወራ ነው፣ ግን ወሬ ነው። ክኒኑ ደም ማነስን ይከላከላል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም አይረን ፎሊክ አሲድ ከሚባለው ቫይታሚን 400 ማይክሮግራም ጋር የሚመክረው ለዚሁ ነው።

«የጣና ዳር እናቶች ስለማይገባቸው ነው የሚጥሉት» ያልሽው ደግሞ ጭራሽ አልተዋጠልኝም። እስቲ በአንዷ እናት ቦታ ሁኚ። ከዘጌ በጀልባ መጥታ፣ ወረፋ ጠብቃ፣ ካርዱ ላይ ያቀረቀረች ባለሙያ «በቀን አንድ» ብላ ብቻ ብትሸኛትና ቤቷ ገብታ ሰገራዋ እንደ ከሰል ጠቁሮ ብታገኘው ምን ታስብ? ሆዷ ደርቋል፣ ያቅለሸልሻታል። ምን አጠጡኝ ብትል ይፈረድባታል? (ምክር የማያልቅባት ጎረቤትም አለች።)

ያቺው ባለሙያ ቀና ብላ «የኔ እናት፣ ሰገራሽ ይጠቁራል፣ የክኒኑ ነው፣ አትደንግጪ፤ ከሻይና ከቡና ጋር ግን እንዳትወስጂው» ብትላት ኖሮ፣ ጥቁረቱን ስታይ «አዎ፣ ነግራኛለች» ትላለች። ሌላ ጊዜ የምትነግራትንም ታምናለች። በቀጠሮዋም ትመጣለች፣ የደም ግፊቷ የሚለካውና ሽንቷ የሚመረመረው ደግሞ ስትመጣ ነው። ቡናውንም ቢሆን ተይ አላልናትም፣ ከክኒኑ ሰዓት ይራቅ ነው።

ክኒኑ የሚያስቸግራት ካለች ከመጣሏ በፊት ለባለሙያዋ ትንገራት፣ የሚወሰድበትን ሰዓት ወይም መጠኑን ታስተካክልላታለች። አንቺም «ጣይው» ያልሽውን አጥፊው።