ምንም አይልም

ግቢ ውስጥ ጉድጓድ መቆፈር ሲጀመር ቀድሞ የሚመጣው ውሃ ሳይሆን አማካሪ ነው። የዶማው ድምፅ አጥሩን እንደተሻገረ ጎረቤት አንገቱን ብቅ ያደርጋል፤ መንገደኛ ይቆማል፤ በሕይወቱ አንድ ጊዜ በረንዳ ያሠራ ዘመድ መሐንዲስ ሆኖ ከተፍ ይላል። ሁሉም እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቁልቁል ያያሉ። የጣራው ዝናብ ከመሬት በታች በታንከር ተጠራቅሞ አትክልት ሊጠጣበት እንደሆነ ይነገራቸዋል። ከዚያ በኋላ ለሚነሣው ጥያቄ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ተወው፣ ምንም አይልም!»

ምክሩ የሚጀምረው ከታንከሩ መጠን ነው። «ትልቁን ግዛ፤ ቢተርፍ ምንም አይልም።» ጣራው ግን አልተጠየቀም። ሒሳቡ ለልጅ አይከብድም፦ 1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። 80 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 1,600 ሊትር ይሆናል፤ የሚረጨው፣ የሚተነውና ማጣሪያው የሚጥለው ሲቀነስ 1,300 ያህሉ እጅ ይገባል። ጣራው የሚለካውም መሬት ላይ በሚሸፍነው ስፋት እንጂ በቆርቆሮው ርዝመት አይደለም፤ ተዳፋት ስለሆነ ሰማይ አይጨምርለትም። ወደ አትክልቱ ስንመጣ ደግሞ 60 ካሬ ሜትር መደብ በካሬ 5 ሊትር ቢጠጣ፣ አንድ ጊዜ ማጠጣት 300 ሊትር ይፈጃል፤ 5,000 ሊትር ታንከር 16 ጊዜ ያጠጣል ማለት ነው። በዝናብና በዝናብ መካከል ስንት ደረቅ ቀን እንደሚያልፍ የሚያውቅ ሰው የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል። ለትንሽ ጣራ ግዙፍ ታንከር መቅበር፣ ሰፊ ኪስ አሰፍቶ ደመወዝ ይጨመርልኛል ብሎ እንደመጠበቅ ነው። ሞልቶ የማይፈስ ታንከር ደግሞ ፊቱ ላይ የተንሳፈፈውን አቧራና የአበባ ብናኝ የሚያራግፍበት አጋጣሚ አያገኝም።

ቦታ ሲመረጥ ለዓይን የማይከብድ ጥግ ይፈለጋል። ያ ጥግ እንደ ቀልድ ሁልጊዜ ከቤቱ መሠረት ሥር ወይም መኪና ከሚቆምበት ላይ ይውላል። ከመሠረቱ ቢያንስ የጉድጓዱን ጥልቀት ያህል መራቅ ነው። መኪናም ታንከሩ ለዚያ ጭነት ካልተሠራ በላዩ አያልፍም፤ «ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» ማለት ክብደት አይቀንስም።

ቁፋሮው ላይ ቆፋሪው ጉድጓዱን በዶማው እጀታ ይለካል፤ እጀታው የተሰበረና ያጠረ መሆኑን ማንም አያነሣበትም። በታንከሩ ዙሪያ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ቦታ ካልተተወ መሙያውን የሚጠቀጥቅ ሰው መቆሚያ ያጣል። ጥልቀቱ የታንከሩ ቁመት ብቻ አይደለም፤ ሥሩ የሚነጠፈው 20 ሴንቲ ሜትርና ከላዩ የሚለብሰው አፈር ይደመርበታል። ላዩ ላይ ምን ያህል አፈር እንደሚችል አምራቹ ጽፎታል፤ ጽሑፉ ግን ብዙውን ጊዜ የሠራተኛ መቀመጫ ሆኖ ይውላል። ግድግዳው ከ1 ሜትር ከሩብ ሲያልፍ ወደ ኋላ ጋደል ተደርጎ ይቆረጣል ወይም በእንጨት ይደገፋል። 1 ሜትር ኩብ አፈር ከ1 ቶን ተኩል በላይ ይመዝናልና ሲናድ «ልውጣ ወይ» ብሎ አያስፈቅድም። የወጣው አፈር ደግሞ ይነፋል፤ 16 ሜትር ኩብ ከተቆፈረ ወደ 20 የሚጠጋ ቁልል ግቢውን ይሞላል። ቁልሉ ከጉድጓዱ አፍ 1 ሜትር ፈቀቅ ይበል።

ዘመድ መሐንዲስ ቁልሉን አይቶ ደስ ይለዋል። «አሸዋ ለምን ትገዛለህ? ይኸው አፈር! መልሰህ ሙላበት።» በዚያ አፈር ውስጥ ግን ሹል ድንጋይ አለ፤ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጭቃ አለ። የሞላ ታንከር 5 ቶን ይዞ በአንዲት ሹል ድንጋይ ላይ ቢቀመጥ፣ ቀዳዳው የሚታወቀው አትክልቱ ሲጠወልግ ነው። ስለዚህ ከሥሩ አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር ተነጥፎ ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ ውሃ ልክ ይቀመጥበታል። ሁሉም አማካሪ «ዓይኔ ውሃ ልክ ነው» ይላል፤ ዓይናቸው ግን አረፋ የለውም።

ትልቁ ትያትር የሚመጣው ታንከሩ ጉድጓዱ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ቀኑ መሽቷል፤ ሠራተኛው ደክሟል። «ነገ እንሞላዋለን፤ አንድ ሌሊት ባዶውን ቢያድር ምንም አይልም!» ሌሊት ዝናብ ይመጣል። የፕላስቲክ ታንከሩ ክብደት ከ300 ኪሎ ብዙም አይዘል፤ 5,000 ሊትር ቦታ የያዘ ባዶ ዕቃ ግን እስከ አንገቱ በውሃ ሲከበብ ውሃው በ5 ቶን ያህል ኃይል ወደ ላይ ይገፋዋል። ጠዋት ባለቤቱ በሩን ሲከፍት ጉድጓዱ ኩሬ፣ ታንከሩ ጀልባ ሆኖ ይጠብቀዋል። የተቀበረ ታንከርም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ የመሬት ውስጥ ውሃ ከፍ በሚልበት ቦታ ባዶውን ከቆየ ሣሩን በራሱ ተሸክሞ ብቅ ይላል። እንዲህ ባለ መሬት ታንከሩ ከሥሩ በፈሰሰ ኮንክሪት ላይ በቀበቶ ይታሰራል፤ ሲቀበርም በሆዱ ውሃ ይዞ ነው።

ታዲያ ይህን የሰማ ሁሉ ወዲያው ጎማ ዘርግቶ ታንከሩን እስከ አፉ ይሞላዋል። እሱም ጥፋት ነው። ዙሪያው ባዶ የሆነ ሙሉ ታንከር፣ ደጋፊ እንዳጣ ሆድ፣ ወደ ጎን ይነፋል። የውስጡ ውሃና የውጪው መሙያ እኩል እኩል ይውጡ፦ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር አሸዋ በዙሪያው ይገባል፣ በእጅ ይጠቀጠቃል፤ ውስጥ ያለው ውሃም እዚያው ከፍታ ይደርሳል፤ ከዚያ ቀጣዩ። የመጠቅጠቂያ ማሽን አጠገቡ አይድረስ። አሰልቺ ነው። አማካሪዎች የሚበተኑትም እዚህ ላይ ነው።

ቧንቧው ሲገጠም ይመለሳሉ። ከአሸንዳው የሚመጣው 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በየ1 ሜትሩ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ይውረድ፤ ከታንከሩ በፊት ቅጠል የሚይዝ ማጣሪያ ይግባ። ውሃው ከላይ እንደ ፏፏቴ ከወረደ የተኛውን ዝቃጭ ይቀሰቅሰዋል። ቱቦው እስከ ሥር ወርዶ ጫፉ በጎሚቶ ወደ ላይ ሲታጠፍ ግን እንግዳው ቀስ ብሎ ይገባል። ፓምፑ ከወለል ላይ ካጠባ ለአትክልት የሚደርሰው ጭቃ ነው፤ መምጠጫው ተንሳፋፊ ታስሮበት ከውሃው ፊት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል። ውሃ ሲያልቅ ራሱን የማያጠፋ ፓምፕ ደግሞ በደረቁ ሲሽከረከር ይቃጠላል። ታንከሩ ሲጎድል ከመስመር ውሃ መሙላት ያማረው ሰው የጎማውን ጫፍ ውሃው ውስጥ አይንከር። የመስመሩ ግፊት በወረደ ቀን ጎማው መልሶ ይመጠዋልና የጣራው የወፍ ኩስ ለመጠጥ ይቀርባል።

ክዳኑ ይቆለፍ። ይህ ላይ ቀልድ የለም፦ ሕፃን በ1 ደቂቃ ውስጥ ይገባበታል። ለጽዳት ብሎ ብቻውን የሚወርድ አዋቂም አየሩ ይከዳዋል።

አሁን የቀረው ትርፍ ውሃ ማፍሰሻው ነው፤ ሁሉም ሲደክመው የሚገጠም ቱቦ ስለሆነ ሁልጊዜ የተረፈችው ቀጭን ቧንቧ ትደርሰዋለች። ከመግቢያው እኩል ሊሰፋ፣ ከእሱም ዝቅ ሊል ይገባው ነበር። አፉ ላይ አይጥና ትንኝ የማያሳልፍ ወንፊት ያስፈልገዋል። ከሁሉ በላይ ግን የሚያፈስበት ቦታ ያስፈልገዋል፦ የጠጠር ጉድጓድ ወይም ውሃ የለመደ ቦይ። ባለቤቱ ግን በዚያ ሰዓት ገንዘቡም ትዕግሥቱም አልቋል። ቱቦውን ወደ ቅርቡ አጥር ያዞረዋል። ከአጥሩ ማዶ የመጀመሪያው አማካሪ ግቢ አለ። ባለቤቱ አንድ ጊዜ ወዲያ ይመለከትና «ምንም አይልም» ይላል።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በወረደ ማግስት ጎረቤት እንደ ወትሮው አንገቱን ብቅ ያደርጋል። ዛሬ እጁን ወደ ኋላ አላጣመረም፤ በአንዱ ሜትር፣ በሌላው ውሃ ልክ ይዟል፤ ቧንቧዋ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነች፣ ከግድግዳው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደምትርቅ፣ በሰዓት ስንት ሊትር እንደምትተፋ አንድ በአንድ ይናገራል።