በ30 ዩሮ የሚወጡበት ሃይማኖት

ጀርመን በገባሁ ሰሞን ለመኖሪያ ምዝገባ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የጋብቻ ሁኔታ። ቀጥሎ ሃይማኖት። “ኦርቶዶክስ” አልኩ። ሴትዮዋ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። መንግሥት ሃይማኖቴ ምን ያደርግለታል ብዬ ግራ ገባኝ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። አንድ ካቶሊክ ያገሬ ልጅ የመጀመሪያ ደመወዙን ወረቀት ይዞ መጣና “ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?” ብሎ አንዲት መስመር አሳየኝ። የቤተ ክርስቲያን ግብር ናት። እዚያ አገር ካቶሊክ ወይም ፕሮቴስታንት ተብሎ የተመዘገበ ሠራተኛ የገቢ ግብሩን 9 በመቶ የሚያህል ተጨማሪ ይቆረጥበታል። በሁለት ክፍለ አገሮች ደግሞ 8 በመቶ ነው። መንግሥት ሰብስቦ ለቤተ ክርስቲያኗ ያስረክባል። አልከፍልም ያለ ሰው በይፋ መውጣት አለበት። መውጫው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። እኔ ባለሁበት ክፍለ አገር ፍርድ ቤት ነው። መታወቂያህን ይዘህ ትሄዳለህ፣ 30 ዩሮ ትከፍላለህ፣ ትፈርማለህ። ለምን ብሎ የሚጠይቅህ የለም።

ይህን የማውቀው አንዲት ሴት ስትፈርም አጠገቧ ቆሜ ስላየሁ ነው።

የሥራ ባልደረባዬ ናት። በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ሆነን አብረን እንሠራለን። ዕድሜዋ ከሃምሳ አልፏል። ትንሽ የገጠር ከተማ ውስጥ በካቶሊክ ቤተሰብ ነው ያደገችው። እናቷ እስከ ዛሬ የሰፈሩን ቤተ ክርስቲያን የመንበር ጨርቅ ወስዳ፣ አጥባ፣ ተኩሳ የምትመልስ ሴት ናት። በ2018 እ.ኤ.አ. የጀርመን ካቶሊክ ጳጳሳት ያስጠኑት ጥናት ይፋ ሆነ። ከ1946 እስከ 2014 ድረስ ባሉት የቤተ ክርስቲያን ሰነዶች ውስጥ በልጆች ላይ ወሲባዊ ጥቃት በማድረስ የተወነጀሉ 1,670 አገልጋዮች ተገኙ። የተጎዱት ልጆች 3,677 ናቸው። ይህ በሰነድ የተገኘው ብቻ ነው። የተወነጀለውን ቄስ ዝም ብሎ ወደ ሌላ ደብር ማዛወርም የተለመደ ነበር።

አራት ዓመት ታገለች። “ልጆቹ ትዝ ሲሉኝ አባታችን ሆይን መጨረስ ያቅተኛል” አለችኝ አንድ ሌሊት፣ ሻይ እየቀዳች። በ2022 ወሰነች። በዚያው ዓመት ብቻ 522,821 ሰው ከጀርመን ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ወጥቷል። መጦሪያው የቤተ ክርስቲያን ቢሆን ኖሮ ሥራዋንም ልታጣ ትችል ነበር። የእኛ የከተማው ስለሆነ ተረፈች።

ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ክሊኒክ ይመስላል። ማንም ማንንም አያይም። አሥር ደቂቃ እንኳ አልቆየችም። ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና “ቡና እንጠጣ” አለችኝ። ስኒውን ስታነሣ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያገሬ ሰዎች ብዙ ጊዜ “ፈረንጅ ግብር ለማምለጥ ነው የሚወጣው” ይላሉ። እንደዚያ የሚያደርግ አይጠፋም። እሷ ግን ለቅሶ ላይ ነበረች። ለቅሶ ደራሽ ያልመጣበት ለቅሶ። ለእናቷ በስልክ ነገረቻት። እናቷ “እሺ” አለቻትና ስለ አየሩ ማውራት ቀጠለች።

ከዚያ ፍለጋው ተጀመረ። ሃይማኖት የሌላት መሆን አልፈለገችም። ቡድሂስቶች ዘንድ ሄዳ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች። ኩዌከሮች ጋ ሄደች። እነሱ ቄስ የላቸውም፣ አንድ ሰዓት ያህል በዝምታ ይቀመጣሉ፣ መንፈስ ያነሣሣው ብቻ ተነሥቶ ይናገራል። ይህ ደስ አሰኝቷት ነበር። የሮማው ጳጳስ አይሳሳትም የሚለው ድንጋጌ በ1870 ሲወጣ አንቀበልም ብለው የተለዩት ካቶሊኮች ጋም ሄደች። እነሱ ዘንድ ቄሶች ያገባሉ። ጀርመን ውስጥ ከ1996 ጀምሮ ሴቶችንም ይቀስሳሉ። “ሁሉም ቦታ ጥሩ ሰዎች ናቸው። ግን ሁለት እሁድ ብቀር የሚፈልገኝ የለም” አለችኝ።

አንድ እሁድ ወደ እኛ ቅዳሴ ወሰድኳት። ጫማዋን አወለቀች፣ ነጠላ አዋስናት፣ በቀኝ በኩል ከሴቶቹ ጋር ቆመች። ቅዳሴያችንን የምንቀድሰው በተዋስነው የካቶሊክ ሕንፃ ነው። ግድግዳው ላይ የእነሱ የመዝሙር ቁጥር ሰሌዳ እንደተሰቀለ ነበር። ሦስት ቁጥር ተጽፎበታል። እሷ ሰሌዳውን አየች፣ አየችና አንገቷን አቀረቀረች። መዝሙሮቹን በቃሏ ታውቃቸዋለች። ቅዳሴው ሲያልቅ ሴቶቹ እጇን ይዘው እንጀራ አቀረቡላት። በሚቀጥለው እሁድ አልመጣችም። አንዷ እናት ደውላ “ያቺ ፈረንጅ ታማ ነው?” አለችኝ። ይህን ለባልደረባዬ ስነግራት አለቀሰች። ጥምቀትን ጎንደር አብረን እናክብር ያልኳት ያን ቀን ነው።

ጥር 2015 ዓ.ም. ሄድን። አውሮፕላን ማረፊያው አዘዞ ነው። አዘዞ ስንደርስ ዝም ማለት አልቻልኩም። ዐፄ ሱስንዮስ የተቀበሩት እዚያው ገነተ ኢየሱስ ነው። በ1622 እ.ኤ.አ. የካቶሊክን እምነት በይፋ የተቀበሉ ንጉሥ ናቸው። በኋላ ከሮማ የተላከው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ መጣ። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይካኑ፣ ግዝረት ይቅር፣ ሰንበተ አይሁድ ይቅር አለ። አገር ተነሣ። ብዙ ሺ ሰው አለቀ። በ1632 ንጉሡ የአባቶቻችሁን እምነት መልሼላችኋለሁ ብለው ዐወጁ፣ ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። “ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ” የሚለው እስከ ዛሬ በአፋችን አለ። ጎንደርን የቆረቆሩት ያው ፋሲል ናቸው፣ በ1636።

“እንግዲህ ከተማህ ካቶሊክን ትቶ በወጣ ሕዝብ የተሠራ ነው” አለችኝ። ተወልጄ አድጌባት እንዲህ አስቤው አላውቅም። እኛ ቤት ታሪኩ የሚነገረው ሃይማኖቱን ስላልለወጠ ሕዝብ ነው። ግን ሌላም ሞልቷል። የጎጃሙ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል አሉ። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ እውነቱን ፍለጋ ገዳም ለገዳም የዞሩ፣ በ1841 ሮማ ድረስ የሄዱ፣ በ1844 ካቶሊክ የሆኑ ሰው ናቸው። ለዚህም ጎንደር ላይ ታሰሩ፣ በ1855 በእስር እንዳሉ ሞቱ። ሮማ በ1926 ብፁዕ ብላቸዋለች። ወለቃ ብትሄድ ደግሞ ወደ እስራኤል የሄዱት የቤተ እስራኤሎች መንደር አለ። አያቶቻቸው ክርስትና ተነሥተው እነሱ ወደ ቀድሞው እምነት የተመለሱ፣ ዛሬም ጉዞ የሚጠብቁ ቤተሰቦች ጎንደር ውስጥ ይኖራሉ። ይህች ከተማ በሃይማኖት ፍለጋ የተጨነቀ ሰው አይታ አታውቅም ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ቤቴ ልግባ። ታናሽ ወንድሜ ፒያሳ ስልክ ይጠግናል። በ2008 ዓ.ም. ጴንጤ ሆነ። ማተቡን በጠሰ ተባለ። እናቴ ሦስት ቀን ተኛች። ጎረቤት ለቅሶ እንደሚደረስ መጥቶ ተቀመጠ። ሽማግሌ ተላከበት። አከራዩ በወሩ ቤቴን ልቀቅ አለችው። የእድር ሰዎች ስሙ ይሰረዝ አይሰረዝ ብለው ተሰበሰቡ። እናቴን ከሁሉ በላይ ያንገበገባት አንድ ነገር ነው። “የት ሊቀበርብኝ ነው?” ትል ነበር። አባቴ በተቀበረበት ቅጽር እንደማይገባ ታውቃለች።

እኔስ? ሰባት ወር አልደወልኩለትም። እናቴን አስለቀሰ ብዬ። ለማላውቀው አገር ሴት ፈቃድ ጠይቄ ፍርድ ቤት አብሬ የሄድኩ ሰው፣ ማዘኗ የገባኝ ሰው፣ የገዛ ወንድሜን “ምን ሆነህ ነው? ምን ፈልገህ ነው?” ብዬ አልጠየቅሁትም። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል። የእሷን መውጣት የሕሊና ጉዳይ ብዬዋለሁ። የእሱን ክህደት። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ብዙ አሰብኩ። እሷ ብትወጣ የኔ ቤት አይጎድልም። እሱ ሲወጣ ጎደለብኝ። ስለዚህ ስለ እሱ ነፍስ የተቆረቆርኩ መስሎኝ ስለ ራሴ ማዕድ ነበር የተቆጣሁት።

የከተራ ዕለት ረቡዕ ነበር። ጾም ነው፤ ረቡዕም ነው፣ ገሃድም ነው። እናቴ ምስር ወጥና ጎመን ሠርታለች። ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ የሚወርዱት ከሰዓት ስለሆነ ቤቱ ወከባ ነው። ወንድሜ ከሥራ መጣ። እናቴ ተነሣችና ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ሚስማር ላይ የተሰቀለች ትንሽ መጥበሻ አወረደች። ጥግ ካለችው የከሰል ምድጃ ላይ ለብቻዋ ጣደቻት። ሁለት እንቁላል ሰበረች። ሰሐኑም ማንኪያውም የተለየ ነው። ጠብሳ አቀረበችለትና እጇን በሳሙና ታጥባ ወደ ጾም ዕቃዋ ተመለሰች።

ጓደኛዬ አየቻት። “ለምን ለየችው?” አለችኝ። እናቴን ጠየቅኳት። “የጾም ዕቃዬን ፍስክ አላስነካም” አለች። “ልጄ ግን ጦሙን አይውልም።” ስንት ዓመትሽ ነው እንዲህ ማድረግ ከጀመርሽ አልኳት። “ከተመለሰ ጀምሮ” አለች። ተመለሰ ያለችው ወደ ቤት ነው። እኔ ባልደወልኩባቸው ወራት እሷ ገበያ ወጥታ መጥበሻ ገዝታለች።

ማታ ከባሕረ ጥምቀቱ ተመልሰን ቡና ተፈላ። እናቴ እንግዳዋን ስታያት ቆየችና “ይቺ ልጅ ለምን ነው ሃይማኖቷን የተወችው? ደህና ሰው ትመስላለች” አለችኝ። እንዴት ብዬ እንደምነግራት ጨነቀኝ። ቄሶች ልጆችን እንደጎዱ፣ አለቆቻቸው እንደደበቁ ባጭሩ ነገርኳት። ጀበናውን አስቀመጠች። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ይቺን ከሃዲ ምን አመጣህብኝ ትላለች ብዬ ስፈራ፣

“ልጆቹስ?” አለች። “ልጆቹ አሁን እንዴት ናቸው? ሰው አላቸው?”

ተረጎምኩላት። ጓደኛዬ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ፍርድ ቤት ከሄደች ጀምሮ ስለ ግብሩ የጠየቃት ሰው አለ፣ ስለ ጳጳሱ የጠየቃት አለ። ስለ ልጆቹ የጠየቃት የመጀመሪያዋ ሰው እናቴ ናት። ወንድሜ ተነሥቶ ውሃ አመጣላት። ባለችው እንግሊዝኛ አጠገቧ ተቀምጦ ማውራት ጀመረ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፣ ግን ሁለቱም ቆይተው ነው የተነሡት።

ጠዋት ካህናቱ ውሃውን ባረኩ። ወጣቶቹ ዘለው ገቡ። እኛ የግንቡ ዳር ቆመን ተረጨን፣ እሷም ተረጨች። ነጠላዋ ረጥቦ ትከሻዋ ላይ ተጣብቆ ነበር። ልትጠመቅ ፈልጋ እንደሆነ አልጠየቅኳትም፣ አልነገረችኝምም። በማግስቱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወሰድኳት። ጣሪያው ላይ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች አንጋጣ አየች። “ሁሉም ዓይናቸውን ገልጠዋል” አለችኝ። ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ ቆጥሬያቸዋለሁ፣ ይህን ግን ልብ ብዬው አላውቅም።

አሁን ጀርመን ተመልሰናል። እሷ ገና አልገባችም። አንዳንድ እሁድ እኛ ጋ ትመጣለች፣ አንዳንዴ ኩዌከሮች ጋ ትሄዳለች። ሁለት እሁድ ከቀረች ግን ስልኳ ይጮኻል። ለወንድሜ በየሳምንቱ እደውላለሁ። በመጀመሪያዎቹ ጥሪዎች ብዙ ዝም እንባባል ነበር። አንድ ቀን ለምን እንደሄደ ጠየቅኩት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ነገረኝ። ሁሉን አልተቀበልኩትም። ማተቤም አንገቴ ላይ ነው።

እናቴ ስደውል ሁሌም መጨረሻ ላይ ትጠይቀኛለች።

“ያቺ ልጅ አገኘች?”

“ገና ናት እማዬ።”

“አይዞሽ በላት። ጾም ካልያዘች እንቁላል አለ በላት።”